አርባ በመቶውን ማን ለካው?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እዚህ አገር ተምሮ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ስንት በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር?

አርባ።

አሁንስ?

ሦስት።

አያችሁ፣ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋችሁም። አንዳንድ መጽሐፍ ላይ 35 ነው፣ የታችኛውም ቁጥር አንዳንዴ 2.7 ይሆናል። ዜማው ግን አንድ ነው። ስብሰባ ላይ ሰምተነዋል፣ በራዲዮ ሰምተነዋል፣ የችግኝ ተከላ ቀን ከንግግሩ መጀመሪያ ላይ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ከመስማት አልፌ 11 ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የማስተምራቸው ነገ ጠመኔ ይዘው ልጆቻችሁ ፊት የሚቆሙትን ነው። እና በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፣ "ሐ. 40 በመቶ" ያላለውን ኤክስ አደርጋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ከዋግ የመጣች አንዲት ዕጩ መምህር እጇን አወጣች። ዝምተኛ ናት፣ ከዚያ በፊት ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

"ቲቸር፣ ያኔ ማን ለካው?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩና "ባለሙያዎች ናቸዋ" ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሳይደርስ ግን እጄ ቆመ። የትኞቹ ባለሙያዎች? በምን?

በዚያው ሰሞን የምናስተምረው ሞጁል አንድ ምዕራፍ "ሂሳዊ አስተሳሰብ በጂኦግራፊ ትምህርት" የሚል ነበር። በምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ አለ። "ከሚከተሉት ውስጥ የሂሳዊ አስተሳሰብ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው?" ይልና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይደረድራል። ይህን እያስተማርኩ ሳለሁ ነው እንግዲህ በሕይወቴ የሰማሁትን ትልቁን ሂሳዊ ጥያቄ በፈገግታ የገደልኩት።

ቤት ገብቼ ማሰብ ጀመርኩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አውሮፕላን የለም። ሳተላይት የለም። አገሪቱን በሰፊው ከአየር ያነሷት ጣልያኖች ናቸው፣ እሱም በወረራው ዘመን። የላንድሳት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው የተተኮሰው። ታዲያ ለአገር የሚሆን የደን ስፋት በምን ተለካ? ደግሞስ ከምን ላይ ነው 40 በመቶ? ዛሬ ካርታ ላይ የምናያቸው ድንበሮች ያኔ ገና እየተሰመሩ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር በሱዳን በኩል በ1902፣ በኬንያ በኩል በ1907፣ ከጣልያን ጋር በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተፈረሙት ውሎች (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የዚያ ዘመን ናቸው። ጠቅላላው ስፋት በውል ያልታወቀ አገር እንዴት አርባ በመቶው ይታወቃል?

ሒሳቡን ደግሞ ሥሩት። ዛሬ ኢትዮጵያ ወደ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት። አርባ በመቶዋ 440,000 ነው። ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ያለ ቆላና በረሃ ነው፤ ዳናክልና ኦጋዴን እዚያ ውስጥ አሉ። ስለዚህ የ40 በመቶው ደን፣ በትምህርት ቤት እንደምንስለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ከሆነ፣ ደጋውንና ወይና ደጋውን ሊሞላው ምንም አይቀረውም። ታዲያ ጤፉ የት ተዘራ? ገብሱ የት በቀለ? ለሺህ ዓመታት በበሬ ያረሰው ሕዝብ ዛፍ ላይ ነበር እንዴ የሚያርሰው?

ኋላ ላይ ሳነብ ጥያቄውን ቀድሞ የጠየቀ ሰው አገኘሁ። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ፣ የኢትዮጵያን የማረሻ ግብርና ታሪክ የጻፈው ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህንን የደን ትረካ ተከታትሎ መሠረቱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳይቷል። ሌላም አለ። በ1860 ዓ.ም የናፒየር ጦር በቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከ መቅደላ ያለውን መንገድ አንስተውታል። ያን ኒሰን የተባለ ቤልጂጋዊ የጂኦግራፊ ሰው ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፎቶዎቹ ወደተነሱባቸው ቦታዎች ሄደና ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሳቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዕፅዋት ያኔ ከነበረው የተሻለ ነው። አያቶቻችን ጨረሱት የምንለው ተራራ፣ በቴዎድሮስ ዘመንም ራቁቱን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። "ስለዚህ ደን አልተጨፈጨፈም" ብላችሁ እንዳትሄዱ። በደቡብ ምዕራብ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦር፣ እንዲሁም በባሌ በኩል የጠፋው ደን የዓይን ምስክር ያለው ነው፣ በሳተላይትም ይታያል። እሱን የሚክድ ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። እኔ የምለው ዋግና ከፋ አንድ ታሪክ የላቸውም ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ "ከ40 ወደ 3" ማለት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። የቦታን ልዩነት መናገር ደግሞ የጂኦግራፊ ዋና ሥራው ነበር።

ግን ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ነገሩ የከነከነኝ በአባቴ በኩል ነው።

አባቴ ገበሬ ነው፣ ወሎ። መጽሐፉ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚያመጣው ዓረፍተ ነገር አለ። ደኑ የጠፋው በገበሬው ኋላ ቀር አስተራረስ፣ በማገዶ፣ በልቅ ግጦሽና በሕዝብ ብዛት ነው ይላል። ቀጥሎ ደን ሲጠፋ ዝናብ ጠፋ፣ ዝናብ ሲጠፋ ድርቅ መጣ፣ ድርቅ ሲመጣ ረሃብ ሆነ ይላል። ሰንሰለቱን ቀስት እየሠራሁ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ! የቀስቶቹ ሁሉ መነሻ መጥረቢያ የያዘ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው አባቴ እንደሆነ 11 ዓመት ሙሉ አልታየኝም።

በበዓል ቤት ስሄድ ጠየቅሁት። ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ ድሮ ደን ነበር ወይ? ሳቀብኝ። "የአባቴ አባት ከብት የሚጠብቅበት ነው፣ መቼ ዛፍ ነበረው" አለኝ። ዛፍ የነበረው በደርግ ጊዜ ነው። ከ77ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ሠሩ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ስንዴና ዘይት ተሰፈረላቸው። ተራራው ተከለለ፣ ጥበቃ ቆመበት። ከብት የገባበት ተቀጣ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የመንደሩ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ዛፉን ቆርጦ ጨረሰው፣ አባቴም አብሮ ቆረጠ። በብዙ ቦታ እንዲህ ሆኗል።

"ለምን ቆረጥከው?" አልኩት።

"የማን እንደሆነ አልነገሩንማ። ስንዴ ሰጡን፣ ተከልን። መንግሥት ሲሄድ ዛፉንም ሌላ ሰው የሚወስደው መሰለን፣ ቀድመን ወሰድነው።"

ይህን የሚለኝ ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ያንን ባሕር ዛፍ ማንም ሳያዘው ነው የተከለው፣ ማንም ሳይጠብቀው 20 ዓመት አልፎታል። ይኼ ሰው ስለ ዛፍ ጥቅም ግንዛቤ ይጎድለዋል? የጎደለው ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ ግን "የግንዛቤ ማነስ" ይላል፣ እኔም "የግንዛቤ ማነስ" እያልኩ አስጽፌያለሁ።

ይህን ዓይነት ጥያቄ አንዳንድ ባልደረቦቼ "የፈረንጅ ፋሽን" ይሉታል። እኔ ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን እጠራለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፖለቲካ ነው፣ ሙያቸው ግን ጂኦግራፊ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ጊዜ ይዘው የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት የመረመሩበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አላቸው። እዚያ ውስጥ ድርቅና ረሃብን ለያይተው ነው የሚያዩት። ዝናብ መቅረቱ ገበሬውን ይመታዋል፣ ነገር ግን ዝናቡ ከመቅረቱ በፊት ጎተራውን ባዶ ያደረገው ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከገበሬው ወደሚቀበሉት ሁሉ ይሄዳል። የእኔን ሰንሰለት እሳቸው ገና እኔ ሳልወለድ በጥሰውታል ማለት ነው። እኔ ግን በዚሁ ትምህርት ዲግሪ ስወስድ ስማቸውን ለፈተና አጥንቼ ሐሳባቸውን ትቼው ወጣሁ።

እና ማስተማሬን ቀየርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ዕጩ መምህራኑን ከክፍል አስወጥቶ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የጽድና የግራር ቁጥቋጦ ማስለካት ነው። ሜትርና ሲባጎ ይዘን ወጣን። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም የደንን ትርጉም ቀይራለች። ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ጥላው መሬቱን ቢያንስ 20 በመቶ የሸፈነ ከሆነ ደን ነው ተባለ። ከዚያ በፊት የሚሠራበት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መለኪያ ቁመቱን 5 ሜትር፣ ጥላውን 10 በመቶ ይላል። ግማሽ ሄክታር ከአንድ የኳስ ሜዳ ያንሳል። ለክተን ለክተን በአንደኛው ትርጉም ግቢያችን ደን አለው፣ በሌላው የለውም። ዛፎቹ ግን አልተነቃነቁም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ አገር አቀፉ ቁጥር የምወስዳቸው። በአዲሱ ትርጉም ቀርከሃውና የቆላው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ደን ውስጥ ገባና የአገሪቱ ሽፋን 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ከዋግ የመጣችው ልጅ ይሄን ጊዜ ያለችው አይረሳኝም። "ታዲያ የኛ አገር ቁጥቋጦ እስከዛሬ ምን ተብሎ ነበር የሚቆጠረው?" አለች። በደንብ አስቡት። ከብት የሚመገብበት፣ ንብ የሚቀስምበት፣ ዕጣን የሚለቀምበት መሬት፣ መቁጠሪያው ከሌላ ቦታ ስለመጣ ብቻ ባዶ መሬት ተብሎ ኖሯል። ባዶ የተባለን መሬት ደግሞ ለፈለጉት ሰው መስጠት ቀላል ነው።

እስከዚህ ድረስ በራሴ በጣም ተደስቼ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ሳልነግራችሁ ግን ይሄ ጽሑፍ ጉራ ብቻ ይሆናል።

ልጅቷ ለፕራክቲከም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመደበች። 7ኛ ክፍል። የደን ትምህርት ሲደርስ ተማሪዎቹን ሦስት ጥያቄ ሰጥታ ወደ መንደራቸው ላከቻቸው። አካባቢው በአያቶቻችሁ ልጅነት ምን ይመስል ነበር? ዛፍ ከነበረ ማን ቆረጠው? ለምን? በማግሥቱ ያመጡትን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። አንዱ "ሜዳ ነበር" አለ፣ አንዷ "አያቴ ጅብ የሚጮኽበት ጫካ ነበር ትላለች"፣ ሌላው "ለከተማው የቤት ሥራ ተቆርጦ ተሸጠ"፣ አንዱ ደግሞ "ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በቀር ድሮም የለም" አለ። ክፍሉን ገብቼ ስላየሁት ነው የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ በሙያ ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ፈተና አወጣ። ያ ጥያቄ እንደተለመደው አለበት። አንድ ልጅ ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱንም ሳያከብብ በዳር በኩል "ማን ለካው?" ብሎ ጻፈ።

የክፍሉ መምህር ንቀት ነው ብለው ወሰዱት። ወላጅ ተጠራ። እናቱ የገበያ ቀናቸውን ትተው መጡ። ዕጩ መምህሯን እያለቀሰች አገኘኋትና አብሬያት ወደ ቢሮ ገባሁ፣ ልከራከር ተዘጋጅቻለሁ። እናትየዋ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውኝ ተናገሩ። "ካላወቀ አላውቅም ይበል እንጂ እንዴት መምህሩን መልሶ ይጠይቃል? ይቅር በሉኝ፣ እኔ እቀጣዋለሁ።" ልጁ አጠገባቸው ቆሟል፣ መሬት መሬት ያያል።

ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው። እናትየዋን አረጋግተው፣ ልጁን እንዳይቀጡት አደራ ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የእርስዎን ሐሳብ አልቃወምም። እኔ ግን በሚቀጥለው ዓመት እነዚህን ልጆች ሚኒስትሪ አስፈትናለሁ። ሚኒስትሪ ላይ ማን ለካው የሚል ምርጫ የለም።"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ኮሌጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለመጠየቅ ምንም አልከፍልም። ልጅቷ የፕራክቲከም ነጥቧ ተቀነሰ፣ "ከመጽሐፍ ወጥታ ታስተምራለች" የሚል አስተያየት ተጻፈባት። ልጁ ሁለት ማርክ አጣ፣ በእናቱ ፊትም አፈረ። ሒሳቡን የከፈሉት እነሱ ናቸው። መጠየቅን አስተምሬ፣ የጠየቀ ልጅ የፈተና ቀን ምን ያድርግ የሚለውን አላስተማርኩም።

ያን ክረምት ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ነገር አበጀን። ትልቅ ፈጠራ አይደለም። ተማሪው የደብተሩን ግራ ገጽ "መጽሐፉ የሚለው" ይለዋል፣ ቀኙን "የጠየቅነው"። ፈተና ከግራ ገጽ ነው የሚመጣው፣ ይጠናል፣ ይመለሳል። ቀኙ ገጽ ደግሞ አይጠፋም። ፈተና በሚያወጡት በኩል ደግሞ ዕጩ መምህራኑ ጥያቄውን "በመማሪያ መጽሐፉ እንደተገለጸው" በሚል እንዲጀምሩ አደርጋለሁ። ሦስት ቃል ናት፣ ነገር ግን ልጁ ሳይዋሽ "ሐ" ብሎ እንዲያከብብ ታደርገዋለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ ሁለት ምላስ ማስተማር ነው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተሻለ ያለው ሰው ይንገረኝ፣ በደስታ እቀዳለሁ።

በሌላ በኩልም መታኝ። ባለፈው ዓመት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ጎበዝ ልጅ የቤት ሥራ አስገባ። ርዕሱ ራሱ "የደን መመናመን የነጮች ተረት" ይላል። የእኔን ማስታወሻ ጠቅሷል! የአየር ንብረት ለውጥም ውሸት ነው፣ ካርታም ውሸት ነው፣ ሁሉም ውሸት ነው። አንብቤ ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ። ጠራሁትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። "አንተስ ይሄንን በምን ለካኸው?" ዝም አለ። የ40 በመቶውን ተናጋሪ የጠየቅነውን ያንኑ ጥያቄ ለራሱ እንዲመልስ፣ የደቡብ ምዕራቡን አካባቢ የተለያዩ ዓመታት የሳተላይት ምስል ከኮሌጁ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ እንዲያወዳድር አዘዝኩት። ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሁለተኛው ጽሑፉ ከመጀመሪያው አጭር ነበር፣ ርዕሱንም ቀይሮታል። ከዚያ ወዲህ "ማን ለካው" የሚለውን ጥያቄ ስሰጥ "አንተስ" የሚለውን አብሬ ነው የምሰጠው።

ልጅቷ ተመርቃ ወደ አገሯ ሄዳ እያስተማረች ነው። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፣ ብዙውን ጊዜ ስለ ደመወዝ መዘግየት ነው የምናወራው። ስለዚያ ልጅ አንድ ቀን ጠይቄያት የት እንደደረሰ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እስካሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ ይሆናል።

የዲፓርትመንታችን የጋራ ፈተና የፊታችን ሐሙስ ነው። 17ኛው ጥያቄ እሱ ነው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። "በመማሪያ መጽሐፉ እንደተገለጸው" የሚለው ይጨመር ብዬ ሁለት ስብሰባ ተከራክሬያለሁ። አንዱ ባልደረባዬ ቦታ ይፈጃል ይላል፣ ሌላው ተማሪዎቹን ያደናግራል ይላል። ነገ ሦስተኛውን እንሰበሰባለን።